ጊታሩ ዝም ሲል

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ጫጫታ ነው። ጀልባዎቹ ሲመለሱ መቅዘፊያው ውሃውን ይመታል፣ ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ቢላዋቸውን ይስላሉ፣ አባ ኮዳዎቹ የሚወረወርላቸውን አንጀት ለመቀማት መንቁር ከመንቁር ያጋጫሉ፣ ዛፉ ላይ ጦጣዎቹ ይጯጯሃሉ። ቆሮሶውን በጥሬው በዳጣ የሚበላውም ሰው የራሱን ጨዋታ ይዟል። በዚህ ሁሉ መሀል ማንም ልብ የማይለው አንድ ድምፅ አለ። ከሾርባ ቤቶቹ በአንዱ ጥግ የተሰቀለው ስፒከር አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ክፍተት «እምምም» ይላል። ዘፈኑ ሲገባ ይዋጣል፤ ሲያልቅ ይመለሳል።

ጆሮዬ አንዴ ከለየው ወዲህ በየሄድኩበት እሰማዋለሁ። ከፍሪጁ ጀርባ አለ፤ ምሰሶ ላይ ካለው ትራንስፎርመር ሥር አለ፤ ሰባኪው ትንፋሽ ሲወስድ በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ውስጥም አለ። ከግድግዳችን የሚወጣው መብራት 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ጉምጉምታው ታዲያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የ50 ኸርዝ ነው፤ ወፍራምና ለስላሳ፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚሰማ። ሌላው የ100 ኸርዝ ነው፤ ቀጠን ብሎ ይነዝራል። የጊታርን ወፍራም ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዞ የሚመታ ሰው 98 ኸርዝ ያገኛል፤ ጂ የሚባለው ኖታ ነው። ጉምጉምታው ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል እንጂ ቀጥሎ ያለው ግማሽ ድምፅ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ትዝታ ተጫወቱ ባቲ፣ አምባሰል ተጫወቱ አንቺሆዬ፣ ክሩ በተለመደው ልክ ከተቃኘ ከእሱ ጋር የሚገጥም ኖታ አይገኝም። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ስለሆነ የዚያ አገር ማጉያ የሚያጉተመትመው 120 ላይ፣ በቢ ፍላትና በቢ መካከል ነው። ዘመድ ከዚያ ያመጣው ማጉያ ሀዋሳ ላይ ሲሰካ የጉምጉምታው ቅኝት ይለወጣል። ትራንስፎርመሩ ለ60 ኸርዝ ብቻ ተሰልቶ ከሆነም፣ ቮልቱ በመቀነሻ ቢስተካከል እንኳ ከወትሮው የበለጠ ይግላል።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ አንድ የሰፈራችን ወጣት ነው። ጊታር የተማረው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው፤ ሀዋሳ ውስጥ በዚያ መንገድ ያለፈ ጊታሪስት ብዙ ነው። የቲዩብ ማጉያ ራሱ ለመሥራት ተነሣ። ቲዩቦቹ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ መጡ፤ አንድ 12ኤኤክስ7 እና አንድ 6ቪ6። ትራንስፎርመሮቹን የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር መልሰው የሚጠመጥሙ ባለሙያ ጠመጠሙለት። የአሉሚኒየሙን መያዣ ብረት ቤት አሳጠፈ። ስፒከሩን ከተጣለ የአዳራሽ ሳጥን ፈታ። ሲጠናቀቅ የሚያወጣው ኃይል 5 ዋት ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ለአንድ ክፍል ይበዛል።

ለምን ቲዩብ? ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ከተሠራ ወዲህ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ወደዚያ ዞሯል። ርካሽ ነው፤ አይሰበርም፤ እንደ ቲዩብ አይግልም። ጊታር ግን ሙሉ በሙሉ አልዞረም። የቲዩብ ማጉያ ክሩ በኃይል ሲመታ ድምፁን በድንገት አይቆርጠውም፤ ቀስ ብሎ ያጥፈዋል፤ አዳዲስ ቀጫጭን ድምፆች ይጨምርበታል፤ ኖታው ሲዳከምም ይዞት ይቆያል። ትዝታ ላይ አንዱን ኖታ ጎተት አድርጎ ማቆየት ለሚወድ ተጫዋች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወጣቱ የፈለገው ያንን ነው፤ እኔም ስሰማው ገባኝ።

የቲዩቡ አሠራር ላየው ሰው ግልጽ ነው። አየሩ በተመጠጠ ብርጭቆ ውስጥ ካቶድ የሚባለው ክፍል ይግላል፤ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል። ከፍተኛ ቮልት የተሰጠው ፕሌት ኤሌክትሮኑን ይስባል። ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 እስከዚህ ድረስ አደረሰው። ሊ ዲ ፎረስት በ1906 በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ክፍል ጨመረ፤ እሱም ግሪድ ይባላል። ግሪዱ ላይ የሚመጣ ትንሽ ለውጥ በፕሌቱ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከጊታሩ ማግኔት የሚወጣችው ቅንጣት ምልክት ስፒከር ለማንቀሳቀስ የምትበቃው በዚህ ነው። ግሪዱ ግን ጊታሩን ከጉምጉምታው መለየት አይችልም። የደረሰውን ሁሉ ያጎላል።

የወጣቱ ማጉያ መጀመሪያ ሲበራ ጮኸ። በማግሥቱ አሞራ ገደል መጥቶ ሾርባ የሚጠጡትን አዛውንት አገኛቸው። ሬዲዮ በመጠገን ልጆች ያሳደጉ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ሠርቼው ነበር፤ ይጮኻል» አላቸው።

«እስቲ በአፍህ አሰማኝ» አሉት።

ልጁ አፈረ። ዓሣ የሚበላው ሁሉ እያየው በአፉ «ዊይይይ» አለ። አዛውንቱ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዳመጡ።

«ጊታር ሳትሰካም ይጮኻል?»

«ይጮኻል።»

«የድምፅ ቁልፉን ስትቀንሰውስ?»

«ያው ነው፤ አይለወጥም።»

«ከስፒከሩ ወደ ኋላ የሚመለስ ሽቦ አለው አይደል? እሱን ብቻ ነቅለህ አብራው። ዝም ካለ ከ6ቪ6ቱ ወደ ትልቁ ትራንስፎርመር የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች አቀያይራቸውና የነቀልከውን መልሰህ በየደው። ስትነካካው ግን ስፒከሩን ነቅለህ እንዳታበራው፤ ትራንስፎርመሩን ታቃጥለዋለህ።»

በዚህ ማጉያ ውስጥ ከመውጫው ትንሽ ድምፅ ተቀንሶ ወደ መሀሉ ይመለሳል፤ ስህተትን እንዲያርም ነው። የሚመለሰው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆን አለበት። በእጅ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር ላይ የትኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ የቀለም ምልክት አይኖርም፤ ስለዚህ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ተገልብጦ ከገባ የተመለሰው ድምፅ የወጣውን ይደግፈዋል፣ የተደገፈው ይመለሳል፣ ማጉያው በራሱ ይጮኻል። ሁለት ሽቦ ተቀያየረ፤ ጩኸቱ ቆመ። ማጉያውን ሳያዩ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ፣ ሾርባ ፊት ተቀምጠው ነው ያገኙት። እኔን የገረመኝ መልሱ ብቻ አይደለም፤ የጥያቄዎቹም ቅደም ተከተል ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ማጉያውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹንም ከጥርጣሬ ያወጣዋል። ጊታር ሳይሰካ ከጮኸ ጊታሩና ገመዱ ነፃ ናቸው። ቁልፉ የማይለውጠው ከሆነ ከቁልፉ በፊት ያለው ሁሉ ነፃ ነው። እዚያው ዳርቻ ላይ መረብ የሚጠግኑት አስጋሪዎችም በዘፈቀደ አይሠሩም፤ ቀዳዳውን መረቡ መሀል ገብተው አይፈልጉትም፤ ከአንዱ ጠርዝ ይዘው ዓይን በዓይን በጣታቸው እየቆጠሩ ይሄዳሉ።

ሬዲዮ ጠጋኝ የጊታር ማጉያ ሊፈውስ መቻሉ የሚገርም አይደለም። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተወለዱ ናቸው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ የከፈተው የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ነበር። ሙዚቀኞች የተበላሸ ማጉያ ያመጡለታል፤ እሱም ምን ቶሎ እንደሚበላሽ እያየ የራሱን መሥራት ጀመረ። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ለንደን ውስጥ ደግሞ የከበሮ አስተማሪው ጂም ማርሻል ሱቅ ውስጥ የነበሩ ቴክኒሻኖች በ1962 የፌንደርን ቤዝማን ተመልክተው የመጀመሪያውን የማርሻል ማጉያ ሠሩ። የሮክ ድምፅ የምንለው ከጥገና ቤት ወጥቶ ነው ዓለምን ያዳረሰው።

በእኛም አገር የቲዩብ ታሪክ ትንሽ አይደለም። በ1963 እ.ኤ.አ. ሥርጭት የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ባለ 100 ኪሎዋት ማሠራጫዎች ነበሩት፤ በጊታሪስቱ 6ቪ6 ውስጥ የሚሠራው ካቶድና ግሪድ እዚያም ነበረ፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። ከዚያ የሚወጣውን የሚቀበለው በየሳሎኑ የተቀመጠው የእንጨት ሬዲዮ ደግሞ ሲከፈት እስኪሞቅ ማስጠበቁን ዕድሜያቸው የደረሰ ሁሉ ያስታውሱታል። ያንን ሬዲዮ ሲጠግኑ ያደጉ እጆች ኋላ የባንዶቹ ማጉያ ሲበላሽም ሥራ አላጡም።

ስለ ባንዶቹ ሳነሣ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። አይቤክስ ባንድ ከድምፃዊው ማህሙድ አህመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ኋላ ከአባላቱ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩምና ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ሮሃ ባንድን ይዘው ቀጠሉ። ዋልያስ ባንድ ደግሞ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ስለ ዜማው ብዙ ተጽፏል፤ ይገባዋልም። የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ግን ክበብ የገባውን ሰው እስከ ንጋት እዚያው ያሳድረው ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያድራል። ማጉያ እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ምን እንደሚሆን አስቡት። ትራንስፎርመሩ ግሎ ያድራል፤ ካፓሲተሩ ውስጡ ይደርቃል፤ ፊውዝ ይሄዳል። እኩለ ሌሊት ላይ ቢበላሽ ሌላ ለማምጣት መንገድ ላይ መውጣት አይቻልም። የዚያን ሌሊት ጨዋታ ያዳነው ከመድረኩ ጀርባ በእጅ ባትሪ ብርሃን የተንበረከከ ሰው ነው። ስሙ በሸክላውም በካሴቱም ሽፋን ላይ አይገኝም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ዛሬም በየከተማው አሉ፤ አንዳንዶቹ ሾርባ እየጠጡ ነው።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። ጩኸቱ ሲቆም ጉምጉምታው ብቻውን ቀረ። አዛውንቱ በዚህኛው ጊዜ «ቤት እንሂድ» አሉ፤ ባጃጅ ይዘን ሄድን። ከመክፈታቸው በፊት የጠየቁት የድሮውን አምፖል ነው፤ ውስጡ ሽቦ ያለውን። ኃይል ቆጣቢውም ኤልኢዲውም ለዚህ ሥራ አይሆንም። አምፖሉ ከማጉያው ጋር በአንድ መስመር፣ በተከታታይ ይያያዛል። ማጉያው ውስጥ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራና ጉዳቱን በራሱ ላይ ይወስደዋል፤ ደህና ከሆነ አንዴ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። እንዲህ ያለ አምፖል ከሱቅ እየጠፋ ነው። ያገኘነው ጫጩት ከሚያሳድግ ጎረቤት ነው፤ ለሙቀት የሚጠቀምበት ባለ 100 ዋት። ጫጩቶቹ ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ ወጡ።

ክዳኑ ሲነሣ አዛውንቱ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ልጁ ልማድ መስሎት ነበር፤ እሳቸው ግን አስረዱት። በዚህ ዕቃ ውስጥ 300 ቮልት አለ። ሁለት እጅ ከገባ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ መንገዱ ልብ ላይ ነው። ከሶኬት ተነቅሎም አያልቅም፤ ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። ስለዚህ ነቅለው፣ በሬዚስተር አፍስሰው፣ በመልቲሜትር ለክተው፣ ቮልቱ እንደወረደ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው ሽቦ የነኩት። ከዚያ በኋላም እንደገና ለኩ። ይህን ክፍል ሳልቸኩል የጻፍኩት በቤቱ ሊሞክር የሚነሣ ወጣት ይኖራል ብዬ ነው።

ጉምጉምታው የሚነዝረው ዓይነት ነበር። ወጣቱ ጊታሩን አንሥቶ ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ መታ፤ ከጉምጉምታው ጋር ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለቱ እየተጠጉና እየተራራቁ ተወዛወዙ። 100 ኸርዝ ነው ማለት ነው፤ ተመላላሹ መብራት ወደ ቀጥታ ሲለወጥ የሚቀረው ትርፍ። የድምፅ ቁልፉ ዜሮ ላይም ሆኖ አለ። 12ኤኤክስ7ቱ ሲነቀል ግን ብዙው ጠፋ። እንግዲህ የሚገባው ከቁልፉ በኋላና ከ6ቪ6ቱ በፊት ነው፤ ቦታው ጠበበ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ካፓሲተር ይቀይራል። ልጁም ሊቀይር ነበር። አዛውንቱ ካፓሲተሩን አልነኩትም፤ ከእሱ የሚወጣውን ጥቁር ሽቦ በጣታቸው ተከተሉት። የመጀመሪያው ትልቁ ካፓሲተር የታችኛው እግር ከመያዣው ብረት ጋር የተያያዘው በሌላኛው ጫፍ፣ የጊታሩ ጃክ አጠገብ ነው። ለዓይን ያማረ ሥራ ነው፤ ሽቦው ቀጥ ብሎ ጥጉን ይዞ ሄዷል። ችግሩ ያ ካፓሲተር በሰከንድ 100 ጊዜ መሙላቱ ነው፤ በሞላ ቁጥር በዚያ ሽቦና በብረቱ ላይ የኤሌክትሪክ ምት ያልፋል። 12ኤኤክስ7ቱ ዜሮ ብሎ የሚያምነው ብረት ደግሞ ይኸው ነው። ብረት ሁሉ በሁሉም ቦታ ዜሮ ይመስለናል፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ግን አንዱ ጫፍ ከሌላው በጥቂት ሚሊቮልት ይለያል፤ ቲዩቡም ልዩነቷን ያጎላታል። ሽቦው ተነቅሎ ከትራንስፎርመሩ የመሀል ሽቦ ጋር እዚያው በዚያው ተበየደ። ሲበራ ነዛሪው ድምፅ የለም። አንዲት ሽቦ፣ አንዲት ስንዝር፣ ምንም ዕቃ ሳይገዛ።

ከሥሩ ሌላ ወጣ፤ ወፍራሙና ለስላሳው፣ የ50 ኸርዙ። ይህኛው ቲዩቡን ከሚያግለው የ6.3 ቮልት ሽቦ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ተለያይተው ስለሄዱ በየመንገዳቸው ለግሪዱ ያቀብሉታል። ጥብቅ አድርገው ጎነጎኗቸው፤ የአንዱ ምት የሌላውን ያጠፋል። ከዚያ ሁለት የ100 ኦም ሬዚስተሮች ከየሽቦው ወደ ብረቱ ጨመሩ፤ ሚዛኑ መሀል ላይ እንዲሆን። ጆሮን ስፒከሩ ላይ ካላስጠጉት በቀር የቀረ ድምፅ የለም።

ከዚያ ወጣቱ ተጫወተ። ቀስ ብሎ ጀምሮ ክሩን ጠንከር ጠንከር እያደረገ ሲመጣ ድምፁ ወፍሮ ጠርዙ ላይ ሻከር አለ፤ እጁን ሲያላላ ደግሞ ጠራ። ቁልፍ አልነካም፤ ሁሉንም ያደረገው ጣቱ ነው። ለዚህ ድምፅ ሲል ሰው ብርጭቆ ባሕር አሻግሮ ቢያስመጣ ልክ ነው። ጎረቤት ያለ አንድ ልጅ ክራሩን ይዞ መጣ፤ ማይክራፎን የተገጠመለት ክራር ነው። ክራሩ በዚህ ማጉያ ሲወጣ የአንጀት ክር ሙቀት ያለው ይመስላል፣ ክሩ ናይሎን ቢሆንም።

ጨዋታው ሞቅ ብሎ ሳለ «ጠሽ ጠሽ» ማለት ጀመረ። ሲቀዘቅዝ የሌለ፣ ሲግል የሚመጣ ድምፅ ነው። አዛውንቱ ቀጭን ደረቅ እንጨት አወጡ። በእንጨቱ ጫፍ እያንዳንዱን ሬዚስተር፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ቀስ ብለው ነካ ነካ አደረጉ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ስፒከሩ መለሰ። የ12ኤኤክስ7ቱ መቀመጫ አንድ እግር ላይ ነው፤ የፕሌቱ ሬዚስተር የሚያያዝበት። አጉሊ መነጽር ሰጡኝና አየሁት። ሌሎቹ ብየዳዎች ለስላሳ ሆነው ያበራሉ፤ እሱ ግን ግራጫ ነው፣ ፊቱ አሸዋማ፣ ከሽቦው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይም ከፀጉር የቀጠነ ክብ ስንጥቅ አለ። ሲሞቅ ብረቱ ይሰፋል፤ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ኤሌክትሪኩ እየተቆራረጠ ይዘላል። ነቅለው፣ አፍስሰው፣ እግሩን አጽድተው እንደገና በየዱት። እንጨቱ ሁለተኛ ሲነካው ዝም አለ።

ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አዛውንቱ ግን መልቲሜትሩን ይዘው ቁጥር መጥራት ጀመሩ፣ ልጁ እየጻፈ። 6ቪ6ቱ ፕሌት ላይ 300፣ ካቶዱ ላይ 17። የካቶዱ ሬዚስተር 470 ኦም ስለሆነ 17ን ለ470 ሲያካፍሉት 36 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። ይህ በ283 ቮልት (300 ሲቀነስ 17) ሲባዛ 10 ዋት ገደማ ይመጣል፤ የቲዩቡ አቅም 12 ነው፤ በደህና ነው የሚሠራው። ወረቀቱን ክዳኑ ውስጥ በኩል እንዲለጥፈው ነገሩት። የድሮ ሬዲዮ ፋብሪካዎችም የቲዩቦቹን አቀማመጥ በሳጥኑ ውስጥ ለጥፈው ነበር የሚሸጡት፤ ለማያውቁት ጠጋኝ የተተወ ደብዳቤ ነው።

ልጁ ወረቀቱን ሊለጥፍ ሲል «ቆይ፣ የግድግዳውን አልጻፍክም» አሉት።

«ምን የግድግዳ፣ ጋሼ?»

«አሁን ሶኬቱ ላይ ስንት ነው? ለካና ጻፈው። ሰዓቱንም ጻፍ።»

ለካው፤ 226 ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን ሲያበራ 205 ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 300ውም 17ቱም 6.3ቱም አብረው ይወርዳሉ። ከዓመታት በኋላ ይህን ክዳን በምሽት የሚከፍት ሰው የግድግዳውን ካላየ ቮልት አነሰ ብሎ ደህናውን 6ቪ6 ይነቅላል።